የወልደ ገብርኤል አሥር ጣቶች

የኔታ ወልደ ገብርኤል በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው እንደገና ፊደል ቆጠሩ። ነገሩ የሆነው ደባርቅ ላይ ነው፤ በ1973 ዓ.ም.።

ትውልዳቸው ደረስጌ ነው። በልጅነታቸው ዳዊት ደግመው፣ ቁም ጽሕፈት ተምረው፣ ብራና እየፋቁና ቀለም እየበጠበጡ ያደጉ ሰው ናቸው። ጥቂት ዓመትም እዚያው ልጆች አስተምረዋል፤ "የኔታ" የሚለው ስም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልለቀቃቸውም። ኋላ ደባርቅ መጥተው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ሲቀጠሩ፣ ያስቀጠራቸው ሌላ ምንም ሳይሆን የእጃቸው ጽሕፈት ነበር። እሳቸው የጻፉትን ማመልከቻ ባላገሩ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ እንኳ አይጥለውም፤ አጣጥፎ ከዳዊቱ ማኅደር ውስጥ ይከተዋል።

ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ ብዙ ነገር ተለዋወጠ። "ለክቡር" የሚለው "ለጓድ" ሆነ፤ የደብዳቤው ማሳረጊያ መፈክር ሆነ። የኔታ ግን መፈክሩንም በዚያው በቁም ጽሕፈታቸው፣ አንገቱን ቀና፣ እግሩን ቀጥ እያደረጉ መጻፍ ቀጠሉ። እንዲህ ሆነው ጡረታ የሚደርሱ መስሏቸው ነበር።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ከጎንደር ደረሰ። ከሐምሌ ወር ጀምሮ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ለበላይ አካል እንዳይላክ የሚል ነው። መሥሪያ ቤቱ ያለው አንድ የጽሕፈት መኪና ብቻ ነው፤ የምትሠራበትም አምሳል የምትባል የሃያ አራት ዓመት የጎንደር ከተማ ልጅ ናት። ባሏ አገኘሁ እዚያው ደባርቅ አስተማሪ ነው። ማሳሰቢያው ሲመጣ አምሳል የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ያርጋል ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር እጁን ኪሱ ውስጥ የሚከት ወጣት ነው። ሰው ፊት "ጓድ ወልደ ገብርኤል" ይላቸዋል፤ ለብቻቸው ሲሆኑ የኔታ። አንድ ቀን ጠዋት አስጠራቸውና በሩን ዘጋ።

"ይቀመጡ የኔታ። አምሳል ነሐሴ ላይ ትወልዳለች። ሌላ ታይፒስት እንዲሰጡን ጠይቄ ነበር፤ የለም አሉኝ። እዚህ ቤት ፊደል የሚያውቅ ከእርስዎ የበለጠ ሰው አላየሁም። መኪናውን ይማሩልን።"

"እኔ?" አሉ የኔታ።

"እርስዎ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ከሐምሌ በኋላ በእጅ ጽሑፍ የሚሠራ መደብ አይኖርም። ቆላ ወርደው መጋዘን ይጠብቁ ብለው ቢመድቡዎት እኔ መከልከል አልችልም።"

የኔታ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ መንገዱን ሁሉ በልባቸው ቆላውን ሲያስቡ ነበር፤ ወባውን፣ ሙቀቱን፣ ከደጃቸው የሚርቀውን ቤተ ክርስቲያን። ለባለቤታቸው ለየዓለምወርቅ ሲነግሯት ግን ደረታቸውን ነፉ። "ጽሕፈት ያው ጽሕፈት ነው" አሏት። "ብራና ያልፈራሁ ሰውዬ ብረት እፈራለሁ?"

በማግስቱ አምሳል ከወንበሯ ተነሥታ አስቀመጠቻቸው። የኔታ ከመኪናው ፊት ተቀምጠው አመልካች ጣታቸውን ቀሰሩ፤ አንዷን ፊደል ሲፈልጉ ቆዩና ሲያገኟት ደቅ አደረጓት።

"እንዲህ አይደለም የኔታ" አለች አምሳል እየተሽኮረመመች። "በአንድ ጣት አይጻፍም። በአሥሩም ነው።"

"በአሥሩም?"

"አዎ። እያንዳንዱ ጣት የየራሱ ፊደል አለው። ደግሞ እያዩ አይደለም። እያዩ ከለመዱት ዕድሜ ልክዎን እያዩ ነው የሚጽፉት።" ይህን ብላ ከጠመኔ ካርቶን የተቆረጠ መከለያ አምጥታ በእጃቸው ላይ ደፋችበት።

የኔታ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ያን ሳምንት አልዘለቀም። አርባ ዓመት ሙሉ የጻፈው ቀኝ እጃቸው ነው፤ ግራው ሥራው ብራናውን መያዝ ብቻ ነበር። አሁን የግራዋ ትንሽ ጣት ብድግ ብላ ፊደል ምቺ ስትባል ጎረቤቷን ይዛ ትነሣለች። ፊደሎቹን የተሸከሙት ሁለት ዘንጎች አንድ ላይ ብድግ ብለው መሐል ላይ ተቆላልፈው ይቀራሉ፤ አምሳል መጥታ በጥፍሯ ታላቅቃቸዋለች። ከዚያ ሁሉ የባሰው ደግሞ የፊደሉ ነገር ነው። መኪናው "ሉ"ን እንዳለ አይጽፍም። መጀመሪያ "ለ" ይመታል፣ ከዚያ ምልክቱ ለብቻው ይጨመርበታል። ምልክቱ አንዳንዴ ከፊደሉ ፈንጠር ብሎ ያርፋል።

"ይህ ፊደል አይደለም" አሉ የኔታ አንድ ቀን ወረቀቱን እያራቁ። "ክንዱ የወለቀ ሰውዬ ነው።"

"ይለምዱታል" አለች አምሳል።

አልለመዱትም። ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት ገባ። ደባርቅ ጠዋት ጠዋት ብርድ ስለሆነ ጣታቸው እስኪፍታታ ድረስ በትንፋሻቸው ያሞቁታል፤ ሲፍታታም ያው ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኞች በበሩ ሲያልፉ አንገታቸውን ያስገባሉ፤ ከኮሪደሩ ላይ ሳቅ ይሰማል። በአምስተኛው ሳምንት ማለቂያ ላይ አምሳል "ዛሬ ስምዎን ብቻ ይጻፉልኝ" አለቻቸው። ካርቶኑ ሥር እጃቸውን ከተው፣ ላብ እስኪያጠምቃቸው ተጠንቅቀው ጻፉ። ወረቀቱ ሲወጣ የሚነበበው "ወድለ ግበረኤለ" ነው።

የኔታ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አዩት። የክርስትና ስማቸው ነው፤ ስንት መጽሐፍ ጽፈው በመጨረሻው ቅጠል ላይ "ለጸሐፊሁ ወልደ ገብርኤል" እያሉ በቀይ ቀለም ያሳረፉት ስም። ካባቸውን ደርበው ወጡ።

"ደረስጌ እመለሳለሁ" አሏት የዓለምወርቅን ገና ከበሩ ሳይገቡ። "ብራናዬን እፍቃለሁ። ሹመቱም ይቅርብኝ፣ ደሞዙም ይቅርብኝ።"

የዓለምወርቅ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለች። "በዚህ ዘመን ብራና ማን ያዝዝዎታል?"

እውነቷን ነበር።

"ለመሆኑ ስንት ሳምንት ተማሩ?"

"አምስት።"

"ልጅ ሳሉ ፊደል ቆጥረው ለመለየት ስንት ጊዜ ፈጀብዎት?"

የኔታ አሰቡ። "ከዓመት ይበልጣል። አስተማሪዬ የኔታ ማዕረግ ኃይለኛ ነበሩ፣ ስንቱን ቀን አለንጋ በልቻለሁ።"

"ዳዊቱስ?"

"ሌላ ሁለት ዓመት።"

"ታዲያ የዚህችን መኪና ዳዊት በአምስት ሳምንት ሊደግሙ ነው የተናደዱት?" አለች የዓለምወርቅ፤ ጎመኗንም መቀንጠስ ቀጠለች።

የኔታ መደቡ ላይ ተቀምጠው ያን ነገር ሲያብሰለስሉ ቆዩ። ራሳቸው ሲያስተምሩ የነበረበት ጊዜ ትዝ አላቸው። ቁጥሩን ሳያጠና ወደ ንባብ የሚሮጥ ተማሪ ይገጥማቸው ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩን ከአፍ ለቅሞ ያነበነበዋል፣ አንድ ፊደል ነጥለው ቢጠይቁት ግን አይመልስም። እንዲህ ያለውን ልጅ ከቁጥር ያስጀምሩት ነበር፤ ያውም አንድ በአንድ፣ በዜማ። እሳቸውስ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብዳቤ ሊጽፉ ነበር የተቀመጡት። የመኪናዋን ቁጥር አልቆጠሩም።

በማግስቱ ከአምሳል ቀድመው ተገኙ።

"ልጄ፣ ከቁጥር አስጀምሪኝ" አሏት። "ደብዳቤ አልጽፍም፣ ስሜንም አልጽፍም። ጣትና ፊደል ብቻ።"

አምሳል ግራ ገባት፤ ግን የእያንዳንዱን ጣት ፊደሎች ከላይ እስከ ታች ነገረቻቸው። የኔታ በእጃቸው በወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ ካርቶኑን ራሳቸው እጃቸው ላይ ደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልጅ ሆነው በተማሩበት ዜማ ጀመሩ፤ የግራ ትንሿ ጣት ከነፊደሎቿ፣ ቀጥሎ የቀለበት ጣት ከነፊደሎቹ፣ ቀጥሎ የመሐል ጣት። ፊደሉን በስሙ ሲጠሩ ጣቱ ይመታል፤ ጣቱ ከሳተ ከሥር ይጀምራሉ። አምሳል መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ኋላ አልቻለችም፤ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በሩ ተከፈተና ያርጋል ብቅ አለ። "ምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያን ሆነ እንዴ ይሄ ቢሮ?"

የኔታ ደነገጡ። ጊዜው እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ የሚታይበት አልነበረም። "ቁልፍ እየቆጠርን ነው፣ ጓድ" አሉ።

ያርጋል ጥቂት አዳመጠ። "አባቴ ቄስ ናቸው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔም በዚህችው ዜማ ነው የቆጠርኩት። ይቀጥሉ፤ ብቻ ድምፅዎን ቀስ አድርገው።" በሩንም ዘጋላቸው።

ሰኔን እንዲሁ አሳለፉት። የኔታ ጠዋት ጠዋት ይቆጥራሉ፣ ከሰዓት መዝገባቸውን ያገላብጣሉ፣ መንገድ ላይ ሲሄዱ ጣቶቻቸው በኪሳቸው ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆመው ጣታቸው በመቋሚያው ላይ ሲራመድ ራሳቸውን ያዙት፤ ካህኑ የሚሉትን እየጻፉ ነበር። "ይቅር በለኝ" አሉ በልባቸው፤ ግን ደስ አላቸው። ግራዪቱ ትንሽ ጣት ለብቻዋ መነሣት ጀምራለች። ሐምሌ ሲገባ ሁለትና ሦስት መስመር ያላቸውን ማስታወሻዎች ይጽፉ ጀመር፤ አዝጋሚ ናቸው፣ ስህተትም አይጠፋቸውም፣ ስሙ ግን ስም ሆኖ ይወጣል።

ሐምሌ ሃያ ቀን በዳባት በኩል በረዶ ወረደ። ሰባት ቀበሌ ላይ ገብሱን አጨደው፤ ቡቃያው ከጭቃ ጋር ተለወሰ። በማግስቱ ማለዳ ከተመቱት ቀበሌዎች የአንዱ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ሻረው፣ ጋቢው ከጉልበቱ በታች ጭቃ ለብሶ፣ የሰባቱንም ቀበሌ ጉዳት የያዘ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ ደባርቅ ደረሰ። ያርጋል ሰማው፣ ጎንደር ስልክ ደወለ፣ ፊቱ ተለውጦ ተመለሰ።

"የዘር ድልድል ስብሰባው ነገ ጠዋት ነው" አለ። "ጥያቄያችን ዛሬ ጎንደር ካልገባ እስከ መስከረም ሌላ ስብሰባ የለም። መስከረም ላይ የሚሰጥ ዘር ደግሞ ምን ያደርጋል? አምሳል የታለች?"

አምሳል አልነበረችም። ጊዜዋ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው የነበረ ቢሆንም ምጥ ጀምሯት ጤና ጣቢያ መግባቷን ባሏ አገኘሁ ሰው ልኮ ነግሯቸው ነበር። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ወደ የኔታ ዞሩ።

ደብዳቤው ከነዝርዝሩ አራት ገጽ ነው፤ ከእያንዳንዱ ገጽ አራት ቅጂ። ሾፌሩ ውዱ ከስምንት ሰዓት በላይ አልቆይም ብሏል፤ በጎንደር መንገድ ኮሶዬ ዳገት ላይ ጭጋጉ ከተኛ መንገዱ አይታይም። ሰዓቱ ሦስት ሆኗል።

የኔታ አማተቡና ተቀመጡ። ሻረው ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋደመ። የመጀመሪያውን ገጽ ለመጨረስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀባቸው። ደስ ብሏቸው ከመኪናው ሲያወጡት ግን ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ወረቀት ፊቱ ባዶ ነው። ዋናውን ገልበጥ አድርገው ቢያዩት ጽሑፉ በጀርባውም ዞሮ ታትሟል። በወረቀቶቹ መሐል የሚገባውን ካርቦን ገልብጠው ነበር የከተቱት።

ቆላው፣ መጋዘኑ፣ የሰባቱ ቀበሌ ገብስ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባቸው።

"ምነው የኔታ?" አለ ሻረው።

"አበላሸሁት። ከሥር መጀመር አለብኝ። ገልብጬ ነው የከተትኩት፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ሜዳ ቀረ።"

ሻረው ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። "እኔ አንድ ዓመት ጭጋግ ወርዶ ሳለ ሙሉ ቀን የጎረቤቴን ማሳ አርሻለሁ። የኔ መስሎኝ። ማታ ባለቤቱ መጥቶ እግዜር ይስጥልኝ ሲለኝ ነው ያወቅሁት።" በዱላው ወደ መኪናው አመለከተና "ይጀምሩት በቃ" አለ።

የኔታ ሳይወዱ ሳቃቸው መጣ። ሲስቁ ትከሻቸው ላላ፤ ትከሻቸው ሲላላ ጣታቸው ታዘዘ። ካርቦኑን በሚገባው በኩል አስተካክለው ከተቱና በለሆሳስ ዜማቸውን እያሰሙ ጀመሩ። አሁን የሚያስቡት ደብዳቤውን አልነበረም፤ የሚቀጥለውን ፊደል ብቻ ነው። የመስመሩ ማለቂያ ደወል ሲጮህ መመለሻውን ይገፋሉ፣ ይቀጥላሉ። ውዱ ሁለት ጊዜ መጥቶ "የኔታ፣ ደመናው እየወረደ ነው" አላቸው፤ አልሰሙትም። ያርጋል ምሳ እንዲበሉ ላከባቸው፤ አልበሉም። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው የአራተኛውን ገጽ የመጨረሻ መስመር መቱና ወረቀቶቹን ለያርጋል አቀበሉት።

ያርጋል ብዕሩን አወጣ። የኔታ ከትከሻው በላይ ሆነው በአርባ ዓመት የጸሐፊ ዓይናቸው የመጨረሻውን ገጽ ቃኙት። ማሳረጊያው "ኢትዮጵያ ትቀደም" ይላል።

"ይቆዩ ጓድ! አይፈርሙበት!" ብለው እጁን ያዙት።

ያርጋል ወረቀቱን አየና ላብ በግንባሩ ችፍ አለ። በዚያ ጊዜ ይህን የሚያህል ስህተት ይዞ ጎንደር የገባ ደብዳቤ ስለ ዘር አያናግርም ነበር፤ ማን ጻፈው፣ ማን ፈረመው ነው የሚያስብለው። "ገጹን እንደገና ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጅብዎታል?" አለ በቀጭን ድምፅ።

"አርባ" አሉ የኔታ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ታያቸው። የጎደለው ፊደል አይደለም፤ ምልክቱ ብቻ ነው። "ቀ" ተመትቷል፤ "ቅ" የምታደርገው ያቺ ትንሽ ሰረዝ ናት ያልተጨመረችው። ወረቀቱን መልሰው ከመኪናው ከተቱ፣ መስመሩን እስኪያገኙ የወረቀት ማዞሪያውን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ እያደረጉ አዞሩ፣ "ቀ"ዋን ፊት ለፊት አመጧት፣ ትንፋሻቸውን ያዙና ምልክቱን አንድ ጊዜ መቱ። ተቀመጠች። ቅጂዎቹንም አንድ በአንድ እንዲሁ አደረጓቸው። በሦስተኛው ላይ ትንሽ ፈንገጥ አለች፤ ማንም አላስተዋላትም።

ያርጋል ፈረመ፣ ማኅተሙ ተመታ፣ ውዱ ፖስታውን ከብብቱ ሸጉጦ ሮጠ። የመኪናው ድምፅ በዳባት መንገድ እስኪጠፋ ድረስ ሁሉም ቆመው አዳመጡ። ከዚያ ሻረው ተነሥቶ ወደ የኔታ መጣና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊነካ ሲል ያዙት፤ ተያይዘው ቆሙ።

አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ የአምሳል ባል አገኘሁ በዝናብ ርሶ ገባ። ፊቱን አይተው ሁሉም አወቁ።

"ማርያም ማረቻት!" አለ። "ሴት ናት። ትንሽ ናት ግን ጩኸቷ ከጤና ጣቢያው ውጭ ይሰማል። አምሳልም ደህና ናት። ደብዳቤው ሄደ ወይ ብላ ነው የላከችኝ።"

"ሄደ በላት" አሉ የኔታ። እልል ያለው ያርጋል ነው፤ ወንድ ልጅ እልል አይልም ቢሉትም እልል አለ።

የኔታ ያን ቀን ቤታቸው ገብተው፣ ካርቦን የጠጣ እጃቸውን በሙቅ ውሃ አሽተው፣ የዓለምወርቅ ያቀረበችላቸውን ሽሮ እስከ ሳህኑ ጠርገው በሉ። ከሚያዝያ ወዲህ እንዲህ በልተው አያውቁም ነበር። ስለ ቆላው ሳያስቡ ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ።

ነሐሴ ሦስት ቀን ሁለት የጭነት መኪና ዘር በዳባት በኩል ደረሰ፤ ቶሎ የሚደርስ ገብስና ምስር። የሁሉንም ማሳ አልሸፈነም፤ ከተዘራውም ውርጭ የበላው ነበር። ሻረው ግን ኅዳር ላይ መጥቶ ቤተሰቡ ዓመቱን እንደሚሻገር ነገራቸው።

አምሳል ወደ ሥራዋ የተመለሰችው መስከረም አጋማሽ ላይ ነው። ሰላምታዋን ሳትጨርስ ባልነበረችበት ጊዜ የተጻፉትን የደብዳቤ ቅጂዎች የያዘውን ፋይል አወረደችና ቀይ እርሳስ ይዛ ማገላበጥ ጀመረች። የኔታ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ እያዩ ያልፈሩ መሰሉ። እርሳሷ ወረቀቱን ጫር ባደረገ ቁጥር ግን ጆሯቸው ይቆማል። ብዙ ቆየች።

"ከሐምሌ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ስህተት" አለች በመጨረሻ።

የኔታ ዞር አሉ። "አሥራ አንድ ብቻ?"

"ብቻ።"

እሳቸው የጠረጠሩት ከሠላሳ በላይ ነበር። ረጅም ትንፋሽ ተንፍሰው ወንበሩን ሳቡላት፤ እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። ሌሊት ሙሉ ልጅ ስታባብል አድራ ወገቧ ተቆርጧል፤ መቆም ይሻለኛል አለች። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ያልተጻፉ ደብዳቤዎች ተቀምጠዋል።

"ይቀመጡና ይጀምሩት" አለቻቸው። "እኔ አነብልዎታለሁ።"